ብላክሞር በሌለበት ዲፕ ፐርፕልን ማየት ዋጋ አለው ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ዲፕ ፐርፕል ወደምትኖርበት ከተማ ሊመጡ ነው፣ ትኬቱ እሳት ነው፣ ጊታሪስታቸው ሪቺ ብላክሞር ከወጣ ዘመን አልፎታል፤ «ገንዘቤን ላውጣ ወይስ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሰባዎቹን የላይቭ (መድረክ ላይ የተቀዱ) አልበሞች ልስማ?» ነው ያልከው። ከላይ የመለሱልህ «ሂድ»፣ «ተው» እያሉ አልፈዋል። እኔ ሄጄ፣ ተጭበርብሬ፣ ጆሮዬንም እዚያው ጥዬ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ረዘም ላድርግብህ።

1. የብላክሞርን ነገር እርሳው። ለመጨረሻ ጊዜ ጥሏቸው የሄደው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1993፣ ገና የኮንሰርት ጉዞው ሳያልቅ ነው። የጃፓኑን ጉዞ ጆ ሳትሪያኒ ሸፈነላቸው፣ ከዚያ ስቲቭ ሞርስ ከ25 ዓመት በላይ ተጫወተ፣ ከ2022 ወዲህ ሳይመን ማክብራይድ ነው። ብላክሞር በነበረበት ጊዜም ቢሆን ምን ይዞት እንደሚነሳ አይታወቅም ነበር፤ በ1974 ካሊፎርኒያ ጃም በሚባለው ኮንሰርት ላይ የቴሌቪዥን ካሜራውን በጊታሩ ሲደበድብ አይተኸው ይሆናል። አንተ ሂድ የምልህ ለከበሮ መቺው ለኢያን ፔይስ ነው። ከ1968 ጀምሮ ባንዱን ጥሎ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። ዘፋኙ ጊላን ግን 80 ደፍኗል፣ «ቻይልድ ኢን ታይም» የሚለው ዘፈናቸው ላይ ያለችውን ጩኸት አትጠብቅ።

እሷን ጩኸት ከፈለግክ «ሜድ ኢን ጃፓን» የሚለው የላይቭ አልበማቸው አለልህ። ነሐሴ 1972፣ ኦሳካ ሁለት ምሽት፣ ቶኪዮ ቡዶካን አንድ ምሽት። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት በካሴት ነው። ሰፈራችን አንድ ሰውዬ አሥመራ ቃኘው ጦር ሰፈር ከነበሩ አሜሪካኖች እጅ የወጣ ሸክላ ነበረው፤ ከሱ ላይ ፒያሳ ያለ ሙዚቃ ቤት ገለበጠልኝ። ካሴቱ የ60 ደቂቃ ስለሆነ ባለሱቁ የከበሮውን ሶሎ በራሱ ሥልጣን ዘለለው። «ስፔስ ትራኪን» የሚለው ዘፈን ደግሞ 20 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ እኔ ጋ ግማሹ ላይ ሲደርስ ክሩ ያልቅና ቴፑ ቀጭ ይላል። በቢክ እስክሪብቶ እየጠቀለልኩ ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሳ፣ ዛሬም ሙሉውን ስሰማ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ቀጭ የምትል ይመስለኛል። ካሴቱ ላይ የተጻፈው «ሮክ 3» ብቻ ነበር። የባንዱን ስም ያወቅሁት አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ነው።

2. ትኬት ከመንገድ አትግዛ። ይህን ስናገር ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም እኔ የተጭበረበርኩበት የኮንሰርት አዳራሽ ፓርኪንግ ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራሁ ቤተኛ ነበርኩ። ማታ ማታ ባሱ በኮንክሪቱ እየነዘረ ሲወርድ ምን እየተጫወቱ እንደሆነ እለያለሁ። አብሮኝ የሚሠራው የጎንደር ልጅ አንድ ቀን ጣሪያውን አንጋጦ እያየ «ጄኔሬተሩ ሊፈነዳ ነው፣ አለቃውን ጥራ!» ሲለኝ «ተረጋጋ፣ የከበሮ ሶሎ ነው» ብዬዋለሁ።

ዲፕ ፐርፕል የመጡ ዕለት (ሞርስ ገና አልለቀቀም ነበር) ፈቃድ ወስጄ፣ ሸሚዜን ተኩሼ ሄድኩ። በሩ አጠገብ አንዱ «መሀል ላይ ያለ ወንበር» ብሎ በ140 ዶላር ሸጠልኝ። መግቢያው ላይ ያለችው ልጅ ስታነበው ማሽኑ ቀይ አበራ። ያንኑ ትኬት ለስንት ሰው እንደቸበቸበው እግዜር ይወቀው። ወደ ትኬት መሸጫው መስኮት ሄድኩ። ውስጥ ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና ሳይል «እኛን አይመለከትም» አለኝ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ቀና ብሎ አየኝና «አንተ የፓርኪንጉ ልጅ አይደለህ እንዴ? ታዲያ ከታች አይሰማህም?» ብሎ ሳቀ። ስድስት ዓመት ሙሉ መኪናውን የማቆምለት ሰውዬ ነው! በመስታወቱ ቀዳዳ እጄን መስደድ አማረኝ።

ያኔ ወደ ቤቴ ብመለስ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍልህም። እልህ ያዘኝና የተረፈ ካለ ስጠኝ አልኩት። የሰጠኝ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከተቆለሉት ስፒከሮች ሦስት ሜትር የማይርቅ ቦታ ነው። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። «ሃይዌይ ስታር» የሚለው ዘፈን ሲጀመር የሸሚዜ ቁልፎች ይርገበገባሉ። ከፊቴ የነበሩ ፀጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት ጆሯቸው ውስጥ ብርቱካናማ ነገር ወትፈው ሳይ በልቤ «ለምን መጡ ታዲያ» ብዬ ስቄባቸዋለሁ። እነሱ ዛሬ ደህና ይሰማሉ።

ስወጣ የሰዉ ድምፅ ከውኃ ሥር እንደሚመጣ ሆነብኝ። መኪናዬ መነሳቷን ያወቅሁት በመሪው ንዝረት ነው። ነገ ይተወኛል ብዬ ተኛሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ጭው ይላል። የጆሮ ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን መድኃኒት እንደሌለው ነግሮኝ «ትለምደዋለህ» ብሎ ሸኘኝ። የጭውታውን ድምፅ ጊታሬ ላይ ፈልጌዋለሁ፣ ቀጭኗ ክር ላይ የመጨረሻውን ፍሬት ይዤም አልደርስበትም፤ ከዚያ በላይ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ፀጥ ሲል ራዲዮ ዝቅ አድርጋ መክፈት ለምዳለች፣ ለኔ ስትል።

ሂሳቡን በኋላ ነው የተማርኩት። 85 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ ነው) ለስምንት ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ የተፈቀደልህ 15 ደቂቃ ነው። እኔ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ። እነዚሁ ዲፕ ፐርፕል በ1972 ለንደን ሬይንቦ ቲያትር 117 ተለክተው ጊነስ መዝገብ ገብተዋል፣ ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ደግሞ በ1976 ወደ 126 አድርሰው ቀሟቸው። ያኔ ጉራ ነበር። የዘ ሁ ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድም ሆነ ሟቹ ጊታሪስት ጄፍ ቤክ (ነፍሱን ይማረው) በኋላ ስለ ጆሯቸው ጩኸት በአደባባይ ተናግረዋል። መድረክ ላይ ያሉት ካልተረፉ እኔና አንተ ማን ነን?

ስለዚህ ኢርፕላግ የሚሉትን የጆሮ መድፈኛ ግዛ። ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራው 20 ዶላር ገደማ ነው፣ ድምፁን ሳያበላሽ ይቀንስልሃል። የስፖንጁን ከያዝክ ደግሞ በጣትህ አጥብቀህ ጠቅልለው፣ በሌላው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይ ሳብ፣ ከከተትከው በኋላ እስኪያብጥ በጣትህ ያዘው። ጫፉን ብቻ ሰክተህ «አይሠራም» እንዳትል።

3. አልበም ጠይቀህ ነበር፣ እዚህ ድረስ መጥቼ ልረሳው። የአየርላንዱን ጊታሪስት የሮሪ ጋላገርን «አይሪሽ ቱር 74» ከሁሉም በፊት፤ ያ ቀለሙ የተላጠ ስትራቶካስተር ጊታሩ የሚናገረውን ብዙ ዘፋኝ አይናገረውም። የዩኤፍኦ ባንድን «ስትሬንጀርስ ኢን ዘ ናይት» ለጊታሪስቱ ለማይክል ሼንከር ስትል። የቲን ሊዚ «ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ» ብዙ ቦታ ስቱዲዮ ውስጥ ተጠግኗል እያሉ የሚያሙት አሉ፣ እኔ ግድ የለኝም፣ ሁለቱ ጊታሮች አብረው ሲወጡ ፀጉሬ ይቆማል። ስለ ብላክ ሳባዝ ባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ሌላ ቀን፤ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ፋብሪካ ማሽን ቆርጦት፣ ከላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ቆብ ሠርቶላቸው ስለተጫወተ ሰውዬ በአንድ አንቀጽ አይጻፍም።

ትኬቱን ከቆረጥክ የሴክሽኑን ቁጥርና የአዳራሹን ካርታ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ሥር ለጥፍልኝ። ስፒከሩ በየት በኩል እንደሚሰቀል አይቼ እነግርሃለሁ።