የትንሽ ኮሌጅ ኳስ ብር አለው ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «11ኛ ክፍል ላለው ልጄ የአንድ ትንሽ ኮሌጅ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ኢሜይል ላከለት፤ እህቱም ትጫወታለች፤ ስኮላርሺፕ ይሰጡ ይሆን?» ነው ያልሽው። የእኔም ወንድና ሴት ልጆች እዚሁ አሜሪካ እንዲህ ባለ ኮሌጅ ተጫውተው ስለጨረሱ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ኮሌጁ በስፖርት የትኛው ዲቪዥን (የውድድር ምድብ) ውስጥ እንደሆነ እዪ። ዲቪዥን ስሪ ከሆነ ለኳስ ብሎ የሚሰጠው አንድ ሳንቲም የለም፤ ደንቡ ይከለክላል። ዲቪዥን ቱ እና ኤንኤአይኤ የሚባለው ሌላ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ውስጥ ያሉት ለስፖርት መክፈል ይችላሉ፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከፊሉን ነው። የዲቪዥን ስሪ አሰልጣኝ «ጥሩ ፓኬጅ ይኖረዋል» ካለሽ የሚያወራው በትምህርት ውጤቱና በእናንተ ገቢ ታይቶ ስለሚሰጥ ድጋፍ ነው። እኛ ቤት ትልቁን ሜሪት (ለትምህርት ውጤት የሚሰጥ ድጋፍ) ያገኘችው ሴቷ ናት። ጎል ስላገባች እንዳይመስልሽ፣ በትምህርት ወንድሟን ስለምትበልጠው ነው። ስለዚህ ለጉብኝት ከመነሳታችሁ በፊት የኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ሙዪ፤ ከድጋፉ በኋላ እናንተ የምትከፍሉትን ይገምታል።

አሰልጣኙ የሚችለው መግቢያው ላይ መደገፍ ነው። ከ11ኛ ክፍል በኋላ ባለው ሰመር ትራንስክሪፕቱን (የውጤት ማስረጃውን) ለአድሚሽን (የተማሪ ቅበላ) ቢሮ ያሳይና የመግባት ዕድሉን ቀድሞ ይጠይቅለታል። ፕሪ ሪድ ይሉታል። መልሱ ጥሩ ከሆነ «ኤርሊ ዲሲዥን አመልክት» ይመጣል፤ ቀድሞ ለአንድ ኮሌጅ ቃል ገብቶ ማመልከት ነው። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ! ከተቀበሉት እዚያው ይገባል እንጂ ሌላ ቦታ ማማረጥ የለም። የክፍያውን ግምት በጽሑፍ ሳታገኚ እንዳትፈርሚ።

ለወንዱ የሚያሳስበው ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቅረቱ ነው። ብዙ ትንንሽ ኮሌጆች ከ30 በላይ ወንዶች ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከፋይ ተማሪም ነዋ። የቆየ ሮስተር (የተጫዋቾች ስም ዝርዝር) ብዙ ጊዜ ድረ ገጹ ላይ ይቀመጣል። የዛሬ ሦስት ዓመት አንደኛ ዓመት ከነበሩት ስንቱ ዛሬም አሉ? ቁጠሪያቸው። አሰልጣኙንም «በእሱ ቦታ ዘንድሮ ስንት ልጅ ታመጣለህ?» ብሎ ልጁ ይጠይቀው። ደግነቱ የኮሌጅ ኳስ ላይ በሁለተኛው አጋማሽ የወጣ አንዴ ተመልሶ መግባት ይችላል። እንደ እኛ ሰፈር ኳስ በለው። የእኔው ልጅ መጀመሪያ ደቂቃ ያገኘው በዚህ ነው።

ለሴቷ ነገሩ ትንሽ ሊቀል ይችላል። አንዳንድ ቦታ ተጫዋች ያጥራቸዋል። ብቻ ስትጎበኙ የሴቶቹን ሜዳና ልምምድ ለብቻው እዩ። ከ1972 ጀምሮ ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አለ፤ ሜዳውም፣ የጉዞ አውቶቡሱም፣ የልምምድ ሰዓቱም ለሴቶቹ እኩል መሆን አለበት።

ትንሽ ኮሌጅ ሲባል ደግሞ ደካማ ኳስ አይምሰልሽ። ፔንስልቬንያ ያለው መሳያ የሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የዲቪዥን ስሪን ዋንጫ በወንዶች 11 ጊዜ ወስዷል። በ2005፣ 2008፣ 2009 እና 2012 ወንዶቹም ሴቶቹም ሻምፒዮን ነበሩ።

ድካሙ አይቀርም። ሴቷ ልጄ ከሜዳ ውጪ ጨዋታ ስትመለስ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ፣ ጨለማ አውቶቡስ ውስጥ በስልክ መብራት ኬሚስትሪ ትሠራ ነበር። ግን የላብራቶሪ ክፍል ካላት ከልምምድ እንድትቀር ይፈቅዱላታል። እኔ ይሄን ከብሩ አስበልጬ ነው የማየው።

ኢሜይሉን ልጁ ራሱ ይመልስ፤ አሰልጣኞች ከእናት ከአባት ሲጻፍላቸው ደስ አይላቸውም። የኮሌጁን ስም ኢንቦክስ አድርጊልኝና ሮስተሩን አብረን እናየዋለን።