ሮቶው ሰፋ፣ ሻወሩ ግን አልበረታም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ግቢያችን ውስጥ በብረት ማቆሚያ ላይ የተሰቀለ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ነበረን። ሻወሩ ስለሚደክምብን ቧንቧ ሠራተኛው «ትልቅ ሲሆን ይገፋል» ቢለን፣ ቁመቱ እኩል ሆኖ ጎኑ በሰፋ ባለ 2,000 ሊትር ቀየርነው። ውኃው ግን አሁንም ቀጭን ነው። ክብደቱ እጥፍ ሆኖ ሳለ ግፊቱ ለምን እጥፍ አልሆነም? (አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዲሱ ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል፤ ይህን ክብደት የሚሸከመው ግን ማቆሚያው እንጂ ወደ ሻወሩ የሚወርደው ቧንቧ አይደለም። ግፊት ማለት በአንድ በተወሰነ ስፋት ላይ የሚያርፍ ኃይል በመሆኑ፣ ሮቶው ወደ ጎን ሲሰፋ ክብደቱም የሚያርፍበት ወለልም አብረው ይጨምራሉ፤ የእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ካሬ ድርሻም ባለበት ይቀራል። ግፊቱን የሚወስነው ከሮቶው ውኃ አናት እስከ ሻወሩ አፍ ያለው ቁመት ሲሆን፣ በየ1 ሜትሩ ወደ 10 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ፍሌሚሻዊው የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1586 ጽፎታል፤ ሠራተኛውን ግን አንወቅሰውም፣ ነገሩ ዛሬም ብዙ ሰው ያሳስታል። በነገራችን ላይ፣ የአዲስ አበባ አየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ቢያንስም፣ የሮቶውን ውኃም የሻወሩን አፍም እኩል ስለሚጫን እዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም።

ችግሩ የቁመት ይሁን የቧንቧ ለመለየት፣ የሻወሩን ራስ ነቅለው የቧንቧውን አፍ በአውራ ጣትዎ ይድፈኑት። ውኃው ቆሞ ሳለ ሰበቃ ስለሌለ ጣትዎ የሚሰማው ሙሉውን የቁመት ግፊት ነው፤ የቁመት ልዩነቱ 1 ሜትር ብቻ ከሆነ በግማሽ ኢንች ቧንቧ ላይ ከ200 ግራም የማይበልጥ ግፊያ ይሰማዎታል። ጣትዎን በደንብ እየገፋ ሲለቁት ግን ውኃው ቀጥኖ የሚወርድ ከሆነ፣ ግፊቱን መንገድ ላይ የበላው የዛገ ወይም ጠባብ ቧንቧ፣ ብዙ ክርን (የቧንቧ መታጠፊያ) ወይም በከፊል የተዘጋ ቫልቭ ነው። ግማሹን ኢንች በሦስት ሩብ ኢንች መቀየር ብቻ የሚወርደውን ውኃ ከእጥፍ በላይ ሊያሳድገው ይችላል።

ጣትዎ ላይ የሚሰማው ግፊያ ራሱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ማቆሚያውን ማስረዘም ነው፤ 1 ሜትር የነበረው ልዩነት 2 ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ በየእግሩ ሥር ሰፋ ያለ ኮንክሪት ያስፈስሱ፤ 2 ቶን በአራት ቀጫጭን እግሮች ላይ ሲያርፍ ክረምት ያራሰውን አፈር እየሰረሰረ ይሰምጣል።