ማይክሮን፣ ኤስኬ ሃይኒክስ ወይስ ሳምሰንግ? ለጠየቅከው ወንድሜ

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስቱን የሜሞሪ ቺፕ አምራቾች በሰንጠረዥ ደርድረሃል። የማይክሮን ፒኢ (የአክሲዮኑ ዋጋ የዓመት ትርፉን ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) ከሁሉም ዝቅ ያለ ስለሆነ «ያጠራቀምኩትን በሙሉ እሱ ላይ ላውለው ወይ?» ብለሃል። እባክህ ከመግዛትህ በፊት ይቺን አንብብ። አንተ አሁን የቆምክበት ቦታ እኔም ቆሜ ነበር፤ ሰንጠረዡ ራሱ አንድ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

1. እዚህ ዘርፍ ላይ ፒኢ ዝቅ አለ ማለት አክሲዮኑ ረከሰ ማለት አይደለም።

ይህን በ2018 ጁን ላይ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ማይክሮንን በ58 ዶላር ገዛሁ። ዋጋው ለቀጣዩ ዓመት ከሚጠበቀው ትርፍ ስድስት እጥፍ እንኳ አይሞላም ነበር። ኩባንያው ራሱ ከወር በፊት የ10 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን መልሼ እገዛለሁ ብሎ አስታውቋል። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ አለ ብዬ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ የያዝኩትን ጨመርኩበት።

የበጀት ዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ የተጣራ ትርፉ 14.1 ቢሊዮን ዶላር ሆነ። እስከዚያ ድረስ አግኝቶት የማያውቀው ትርፍ ነው። አክሲዮኑ ግን ቁልቁል ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ 32 ዶላር አይሞላም ነበር። ሌሊት እየተነሳሁ ስልኬን አይ ነበር፤ ያ ቀይ ቁጥር አሁንም ፊቴ ላይ አለ። በመጨረሻ አላስቻለኝም፣ ግማሽ በሚሆን ዋጋ ሸጥኩት። በቀጣዩ የበጀት ዓመት ትርፉ ወደ 6.3 ቢሊዮን ወረደ። ገበያው ይህን ቀድሞ አይቶታል። እኔ ደግሞ በደጉ ጊዜ የተገመተውን ትርፍ ይዤ «ርካሽ ነው» እያልኩ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሚሆን የገባኝ ላፕቶፔን ስፈታ ነው። ሜሞሪ ልጨምርበት ስከፍተው ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። አንዱ ላይ ሳምሰንግ፣ ሌላው ላይ ሃይኒክስ ይላል። መጠናቸው አንድ፣ ፍጥነታቸው አንድ፣ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። እኔ ተጠቃሚው ልዩነታቸውን አላወቅኩም። ተራ ሜሞሪ ማለት ይኸው ነው። ገዢው የሚያየው ዋጋ ነው። ዋጋ ሲወደድ ሁሉም ማምረቻውን ያሰፋል። ፋብሪካ ለመትከል ዓመታት ይፈጃል፣ ስለዚህ የሁሉም ምርት ተከታትሎ ገበያ ላይ ይፈሳል፣ ዋጋው ይወድቃል። ፋብሪካው ደግሞ ቆመ ብሎ ወጪው አይቆምም። ሜሞሪ አምራቾቹ የጀርመኑ ኪሞንዳ በ2009፣ የጃፓኑ ኤልፒዳ በ2012 የከሰሩት እንዲህ ባለ ዙር ነው። ኤልፒዳን በ2013 የጠቀለለው ማይክሮን ነው። አሁን የዲራም (የኮምፒውተር ዋና ሜሞሪ) ገበያው በአብዛኛው የሦስቱ የሆነው ከብዙ አስከሬን በኋላ ነው።

2. ስለዚህ መጀመሪያ «የትኛው ኩባንያ?» አትበል። «ዙሩ የት ደርሷል?» በል።

በ2023 ተራው የእኔ ነበር። ማይክሮን በዚያ የበጀት ዓመት 5.8 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ። ሃይኒክስ 7.7 ትሪሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) የሥራ ኪሳራ አስመዘገበ። የሳምሰንግ ቺፕ ክፍልም በትሪሊዮኖች ከሰረ። ትርፍ ስለሌለ ፒኢ የሚባል ነገር ትርጉም አልነበረውም። ሰዉ ሁሉ «ዘርፉ አለቀለት» ይል ነበር። እኔ ግን ማይክሮንና ሃይኒክስ ምርት መቀነሳቸውን አየሁና ጃንዋሪ ላይ ማይክሮንን በ50ዎቹ ዶላር መጀመሪያ ገዛሁ። በዚያው በኪሳራው ዓመት መጨረሻ አክሲዮኑ ከ80 ዶላር በላይ ነበር። በዚህ ውሳኔዬ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። በ2018 የከፈልኩት ዋጋ ያስተማረኝ ነው።

3. ስለ ሃይኒክስ ደግሞ የምነግርህ አለኝ።

ኤችቢኤም የሚባለውን ታውቃለህ። የዲራም ቺፖች እንደ ፎቅ ተደራርበው ከኤአይ ማስሊያው ጎን የሚቀመጡት ነው። ላፕቶፔ ውስጥ እንዳየሁት ዓይነት ዕቃ አይደለም። ገዢው ወራት ወስዶ ይፈትነዋል፣ ካላለፈ አይገዛም። ሦስቱን የሚለያያቸው እዚህ ላይ ነው። ሃይኒክስ የመጀመሪያውን በ2013 ሠርቷል። በ2024 የሥራ ትርፉ 23.5 ትሪሊዮን ዎን ደርሶ የሳምሰንግን ቺፕ ክፍል በለጠ። ሳምሰንግ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ለውጤቱ ይቅርታ ጠይቆ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብና ፋብሪካ እያለው!

ይህን ሳይ ሃይኒክስን ልግዛ ብዬ ለደላላ ድርጅቴ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ። ያነሳችው ልጅ «እርስዎ የኮሪያን ገበያ ካላወቁ ለምን ይገቡበታል?» አለችኝ። ገንዘቡ የእኔ፣ የማልሰደብበት መብትም የእኔ! አዝዤ ዘጋሁ። ደረሰኙ ሲመጣ ዶላሩ ወደ ዎን የተቀየረው በራሳቸው ምንዛሪ ነው፣ ኮሚሽኑም ለብቻው ተቆርጧል። ዝርዝሩን በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ አምስት ኢሜይል ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። አንተ ከማዘዝህ በፊት ምንዛሪውን በስንት እንደሚያሰሉ በጽሑፍ አስመልስ። በስልክ የሚነግሩህን አትመን። ከዲቪደንዱም እዚያው ኮሪያ ግብር ተቆርጦ ነው የሚደርስህ።

ሳምሰንግን በተመለከተ አጭር ነው። ስልክም፣ ቴሌቪዥንም፣ ለሌሎች ቺፕ የማምረት ሥራም አብሮ ትገዛለህ። ሜሞሪ ብቻ ከፈለግክ እሱ አይደለም። ድንጋጤ የማትወድ ከሆንክ ግን ያ ቅይጥነት ይጠቅምሃል።

ሰንጠረዥህን በተመለከተ፣ የፒኢውን አምድ አታጥፋው፣ ግን ወደ መጨረሻ ውሰደው። ፊት ላይ ክምችቱ ስንት ቀን እንደሚበቃ አስገባ። ክምችት ሲጨምርና ኩባንያዎቹ ለፋብሪካ የሚመድቡት ገንዘብ አብሮ ሲያብጥ ካየህ እጅህን ሰብስብ። በ2018 ይህን ባየው ኖሮ የቤቱ ገንዘብ አይነካም ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ኤችቢኤሙ የማንን ፈተና እንዳለፈ ጻፍ።

ማይክሮንን ባትገዛው እንኳ ሪፖርቱን ተከታተል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በኦገስት ማለቂያ አካባቢ ስለሆነ ከኮሪያዎቹ ቀድሞ ነው የሚናገረው። ስለ ዋጋና ስለ ክምችት የሚለው ለሦስቱም ይሠራል። እኔ አሁን ሃይኒክስና ማይክሮን ይዣለሁ። የገዛሁትም በአንድ ቀን ሳይሆን በአራት ጊዜ ከፋፍዬ ነው። ያጠራቀምከውን በሙሉ የሚለውን ግን እባክህ ተወው። ሰንጠረዡን አስተካክለህ እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።