ሆላንድ ወይስ ጀርመን? ባል ፕሮግራመር፣ ሚስት ነርስ ሲሆኑ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የ32 ዓመት ነርስ ነኝ፣ በሙያው ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤቴ ፕሮግራመር ነው፣ 34 ዓመቱ። የስምንትና የሦስት ዓመት ልጆች አሉን። እሱ አሁን አይንድሆቨን፣ ሆላንድ ካለ ድርጅት ጋር ቃለ መጠይቅ ላይ ነው፣ እንግሊዝኛ ይበቃል ብለውታል። እኔ ደግሞ ጀርመን ነርስ ይፈልጋል ሲባል ስለምሰማ ልቤ ወደዚያ ሄዷል። እሱ "ጎረቤታሞች ናቸው፣ አንዱ ካልተመቸን ወደ ሌላው እንሻገራለን" ይለኛል። እውነት ያን ያህል ቀላል ነው? ለጥቂት ዓመት ሳይሆን ለዘለቄታው ለመኖር የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ አቋሜን መጀመሪያ ልንገርሽ። ለእናንተ ቤተሰብ ጀርመን ይሻላል። ባለቤትሽ ላጤ ቢሆን ኖሮ ግን ዓይኔን ሳላሽ "አይንድሆቨን ሂድ" እለው ነበር። ሁለት ባለሙያ ያለበት ቤት አገር ሲመርጥ፣ ወሳኙ የሥራ ፈቃድ ለማግኘት የሚከብደው ሙያ ነው። በእናንተ ቤት ያ ሙያ ያንቺ ነው።

ከባለቤትሽ ልጀምር። ኔዘርላንድስ (ሆላንድ) ለሠለጠነ ባለሙያ የምትሰጠው ፈቃድ በቀጣሪው ላይ የቆመ ነው። ቀጣሪው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የተሰጠው መሆን አለበት፣ ደመወዙም ከመነሻው በታች መሆን አይችልም። በ2025 እ.ኤ.አ. ዕድሜው 30 ለሞላው ሰው መነሻው በወር ያልተጣራ 5,688 ዩሮ ነበር፣ ያውም 8 በመቶው የዕረፍት አበል ሳይቆጠር። ጀርመን በዚያው ዓመት ለአይቲ ባለሙያ ብሉ ካርድ (ለተማረ ባለሙያ የሚሰጥ የአውሮፓ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) የጠየቀችው በዓመት 43,759.80 ዩሮ ነው፣ በወር ወደ 3,650 ገደማ ማለት ነው። ልዩነቱ ከሁለት ሺህ ዩሮ ትንሽ ያልፋል። ሁለቱም አገሮች እነዚህን ቁጥሮች በየዓመቱ ጥር ላይ ይከልሷቸዋል፣ ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት የዓመቱን ቁጥር እዩ።

ሆላንድ በግብር ግን ትክሳለች። ከውጭ ለተቀጠረ ባለሙያ ከደመወዙ 30 በመቶው ድረስ ከግብር ነጻ ሊሆንለት ይችላል፣ እስከ አምስት ዓመት። ከ2027 ጀምሮ ወደ 27 በመቶ ዝቅ ይላል። በ70,000 ዩሮ ደመወዝ ሲሰላ 21,000ው ግብር አይነካውም፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እንግሊዝኛውም እውነት ነው፣ ሆላንዶች በእንግሊዝኛ ችሎታ ከዓለም ፊተኞቹ ናቸው፣ ሥራ ቦታም ሱቅም ትግባባላችሁ።

"እንሻገራለን" ያለውን ግን በደንብ አስቡበት። ያ የግብር ቅናሽ የሚሰጠው ከመቀጠሩ በፊት ከነበሩት 24 ወራት ከ16 በላይ የሚሆኑትን ከኔዘርላንድስ ድንበር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለኖረ ሰው ነው። ኮሎኝ ወይም ዱሰልዶርፍ ሁለት ዓመት ኖራችሁ ወደ ሆላንድ ብትሻገሩ ቅናሹ የለም። በርሊን ወይም ሙኒክ ብትሆኑ ግን አይነካችሁም። ይሄን ብዙ ሰው የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ደግሞም የአንዱ አገር ብሔራዊ የመኖሪያ ፈቃድ በሌላው አገር ሠርቶ ለመኖር አያገለግልም፣ ለዜግነት የቆጠራችሁት ዓመትም ስትሻገሩ ከዜሮ ይጀምራል። መሻገሩን የሚያቀልለው የአውሮፓ ብሉ ካርድ ነው፤ ከ12 ወር በኋላ በሌላው አገር በቀለለ አሠራር ማመልከት ይቻላል። ስለዚህ መንገዱ ክፍት እንዲሆን የምትፈልጉ ከሆነ በየትኛውም አገር ብሉ ካርዱን ጠይቁ።

አሁን ወዳንቺ። ሆላንድ ብትገቡ እንደ ባለቤቱ ሥራ የመሥራት ሙሉ መብት ይኖርሻል፣ እዚህ ላይ ጥሩ ናቸው። በነርስነት ለመሥራት ግን "ቢግ" በሚባለው የጤና ባለሙያዎች መዝገብ መግባት አለብሽ፣ ለዚያ ደግሞ ደች (የሆላንድን ቋንቋ) ተምረሽ መፈተን፣ ከዚያም የሙያ ፈተና ማለፍ ይጠበቃል። እስከዚያ ድረስ በረዳትነት ወይም ከሙያሽ ውጭ ነው የምትሠሪው። ስምንት ዓመት በሽተኛ ያስታመመች ሴት ቤት ቁጭ ብላ ባሏ በእንግሊዝኛ ሥራው ሲያድግ ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት ብዙ አያስቸግርም። ይሄን ስሌት ወንዶች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ጀርመንም ቢሆን ወረቀትሽን አይቶ ነጭ ጋውን አያለብስሽም። ነርስነት በሕግ የተጠበቀ ሙያ ነው። የትምህርት ማስረጃሽን የሚመረምረው ልትሠሪበት ያሰብሽው ግዛት ባለሥልጣን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስሽ ደብዳቤ "ይህ ይህ ይጎድላል" የሚል ነው፤ ጉድለቱን በማላመጃ ሥልጠና ወይም በዕውቀት ፈተና ትሞያለሽ። ጀርመንኛው በአብዛኛው ቢ2 ነው (የቋንቋ ደረጃው ከኤ1 ጀማሪ ተነስቶ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ይወጣል)፣ ቢ2 ደግሞ ከባድ ነው፣ ከልብ የሚያጠና ሰው እንኳ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ልዩነቱ ምንድነው? ለነርስ የተዘረጋ መንገድ አለ። ጉድለቱን እያሟላሽ እዚያው በረዳትነት ተቀጥረሽ የምትሠሪበት ፈቃድ አለ፣ ቀጣሪዎቹም አሠራሩን ለምደውታል። ፈቃዱን ካገኘሽ በኋላ በአረጋውያን እንክብካቤ ለነርስ የተቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. በሰዓት 20.50 ዩሮ ነበር። ሙሉ ሰዓት ከሠራሽ በወር ያልተጣራ ከ3,400 ዩሮ ያልፋል። ከዚህ ላይ ግብርና መድኅን ይቆረጣል፣ ቆረጣው እንደሚከብድ አስቀድመሽ እወቂ።

ባለቤትሽ በብሉ ካርድ ከገባ አንቺ ቀድመሽ ጀርመንኛ መፈተን አይጠበቅብሽም፣ አብረሽው ገብተሽ መሥራትም ትችያለሽ። እሱ ደግሞ ቢ1 ካለው በ21 ወር፣ ኤ1 ብቻ ካለው በ27 ወር ለቋሚ መኖሪያ ያመለክታል። ሆላንድ አምስት ዓመት ትጠይቃለች። ለዘለቄታው ብለሽ ለጠየቅሽው ጥያቄ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ጀርመንን የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ቢኖር የትልቁ ልጅሽ ትምህርት ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች ልጆች ከአራተኛ ክፍል በኋላ፣ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ በውጤታቸው ወደተለያየ ትምህርት ቤት ይመደባሉ። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ቋንቋውን ሳያውቅ የገባ ልጅ ከአቅሙ በታች እንዳይመደብ እፈራለሁ። በርሊንና ብራንደንቡርግ የሚለዩት ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ነው፣ ሆላንድም በ12 ዓመት ገደማ። ከተማ ስትመርጡ ይሄን ከኪራዩ እኩል አስቡት፣ ልጁንም ከዛሬ ጀምሮ ጀርመንኛ አስጀምሩት።

በጤና መድኅን በኩል ጀርመን በመደበኛው የሕዝብ መድኅን የማይሠራ የትዳር አጋርንና ልጆችን ያለተጨማሪ ክፍያ ይሸፍናል። ሆላንድ እያንዳንዱ አዋቂ የራሱን ወርኃዊ ክፍያ ይከፍላል፣ ልጆች ነጻ ናቸው። ቤት ማግኘት ሁለቱም ጋ አሳር ነው። ማስያዣ በሕግ ሆላንድ ከሁለት ወር ኪራይ፣ ጀርመን ማሞቂያና ውሃ ሳይጨመር ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም። ቤቱን ሳታዩ ብር የሚጠይቃችሁን ሰው ተውት።

ዜግነት? ሁለቱም በአምስት ዓመት። ጀርመን ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የቀድሞ ዜግነትሽን ተዪ አትልም፣ ሆላንድ በመርህ ደረጃ ትላለች። ግን የኛው ሕግ ራሱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውን ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ስለሚያስቀር፣ ለኢትዮጵያዊ ውጤቱ ያው ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ አትምረጡ።

እንግዲህ ባለቤትሽ የአይንድሆቨኑን ቃለ መጠይቅ አይተወው፣ ግን በዚያው ሳምንት ጀርመንም ያመልክት። በርሊንና ሙኒክ በእንግሊዝኛ የሚሠሩ የሶፍትዌር ድርጅቶች አሉ። አንቺ የማስረጃ ምርመራውን ካለሽበት ሆነሽ ጀምሪ። ሁለታችሁም ጀርመንኛ ተመዝገቡ፣ እሱም ጭምር። የሆላንዱ ቀድሞ ከመጣና ደመወዙ ጥሩ ከሆነ ደግሞ ተቀመጡና በግልጽ ተነጋገሩ፤ አንቺ ደች ተምረሽ ሙያሽ እስክትመለሺ ሁለት ሦስት ዓመት የሚሸከም ቤት አላችሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ሂዱ።

ጥያቄ፦ መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። አንድ ደላላ 3,000 ዩሮ ከፍዬው የጀርመን ቻንሰንካርተ እንደሚያወጣልኝና ሥራውም የተረጋገጠ እንደሆነ ነግሮኛል። ልክፈል?

መልስ፦ አትክፈል ወንድሜ። ቻንሰንካርተ የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ነው፣ ሥራ የተረጋገጠለት ሰው ለሥራው ፈቃድ ያመለክታል እንጂ ይሄን አይጠይቅም። በነጥብ ከሆነ ቢያንስ ስድስት ያስፈልግሃል፤ ነጥቡ ከዕድሜ፣ ከቋንቋ፣ ከሥራ ልምድና ከመሳሰሉት ይሰበሰባል። ጀርመንኛ ኤ1 ወይም እንግሊዝኛ ቢ2፣ እንዲሁም ለዓመቱ መኖሪያ በ2025 እ.ኤ.አ. ስሌት በወር 1,091 ዩሮ ማሳየት አለብህ፣ እሱም በዓመት 13,092 ነው። እዚያ ሆነህ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ትችላለህ። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ማመልከቻውን ራስህ መሙላት ትችላለህ፣ "ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ" የሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽም ነጥብህን በነጻ ያሰላልሃል። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲህ "አናቢን" በሚባለው የጀርመን መዝገብ ውስጥ መኖሩን እይ። ሦስት ሺው ዩሮ ለቋንቋ ትምህርትህ ይሁን።