ድፎ ዳቦው አራት ጊዜ ተሸጠ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። መልሱ ስለሚረዝም ለዛሬ አሳደርኩት። ላላያችሁት በአጭሩ፦ ጠያቂዋና የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ በሩጫና በቮሊቦል ጎበዝ የሆኑ ልጆችን ኮሌጅ ለማስተማር የጨረታ እራት ሊያዘጋጁ ነው። መሀል አዲስ አበባ፣ ሆቴል ውስጥ፣ 200 ሰው። ሦስት ነገር ጠይቃለች። የት ሆቴልና መቼ? ምን እንሽጥ? አዝማሪ ይሻላል ወይስ ዲጄ?

እኔ እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። አንዱ በ2015 ታኅሣሥ፣ ሌላው በ2016 ግንቦት። የመጀመሪያው በጣም አምሮ ከሰረ። ሁለተኛው ያን ያህል አላማረም፣ ግን ልጆቹ እየተማሩ ነው።

ካልጠየቅሽኝ ልጀምር። ገንዘቡ። በመጀመሪያው ማታ አጫራቹ መድረክ ላይ ቆሞ "ዛሬ ከ900 ሺህ ብር በላይ ሰብስበናል!" ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ከሦስት ወር በኋላ ሒሳቡ ላይ የነበረው 340 ሺህ ነው። ሌላው ሁሉ "ቃል የተገባ" ነበር። ሆቴሉ 260 ሺውን ወሰደ። ለልጆቹ 80 ሺህ ተረፈ። እኛ ደግሞ ለአሥር ልጆች ተስፋ ሰጥተናል።

ቃል የገቡት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ማታ ሞቅ ብሏቸዋል፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው እጁን አንስቷል፣ እነሱም አነሱ። ጠዋት ሲነሱ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጅ ትምህርት ቤት አለ። ስንደውል "ነገ አስገባለሁ"፣ "ክፍለ ሀገር ነኝ"፣ "ሰኞ አስታውሱኝ"። ከሁሉ ትልቁን የተጫረቱት ጋሼ በመጨረሻ ብሎክ አደረጉን።

በዚያ ላይ አዳራሹ ምድር ቤት ነበር። ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። መክፈል የፈለገው ሰው ስልኩን ወደ ላይ እያነሳ ደረጃውን ይወጣል። ላይ ሲደርስ መኪናው ፊት ለፊት ቆማለች። አብዛኛው አልተመለሰም።

ስለዚህ አዳራሽ ልታዪ ስትሄጂ ስለ መጋረጃው ቀለም ከመጠየቅሽ በፊት መሀሉ ላይ ቆመሽ ለአንድ ሰው 10 ብር በስልክሽ ላኪ። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም ይዘሽ ሞክሪ። ካልሄደልሽ ሌላ አዳራሽ ፈልጊ።

በሁለተኛው ጊዜ ከመድረኩ ጎን አንድ ጠረጴዛ አስቀመጥን። ያሸነፈ ሰው መጀመሪያ እዚያ ይሄዳል፣ ይልካል፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ከዚያ ዕቃውን ይወስዳል። ስክሪንሾት አትቀበሉ። ብሩ እናንተ ሒሳብ ላይ መግባቱን በራሳችሁ ስልክ እዩ። ትልቅ ብር የሚጫረት ሰው የባንክ መተግበሪያው የቀን ገደብ ሊይዘው ስለሚችል ቼክም ተቀበሉ፤ ግን ደረቅ ቼክ እንዳይሆን ከምታውቁት ሰው ብቻ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥናት ከሚረዱት ልጆች አንዷን ነው። የ1,500 ሜትር ሯጭ ናት፣ አካውንቲንግ ትማራለች። ማን ከፈለ፣ ማን ሊወጣ ነው፣ ሁሉን በዓይኗ ትይዛለች። አንድ ሰውዬ ኮቱን ለብሶ ወደ በሩ ሲያመራ ቀድማው በሩ ላይ ደረሰች። "ጋሼ፣ ደረሰኝዎን ረሱት" አለችው። ምንም አልከፈለም ነበር። ስቆ ተመለሰና ከፈለ።

ሒሳቡ በግለሰብ ስም እንዳይሆን። እናንተ ማኅበር ሆናችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ካልተመዘገባችሁ፣ የተመዘገበ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤቱ ራሱ አስጠግቷችሁ በጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይኑር። ኩባንያዎች ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ አይሰጡም፤ ሒሳብ ሠራተኛቸው ያፈጥባቸዋል። የዕጣ ትኬት እንሸጣለን ካላችሁ ደግሞ ጨረታና ዕጣ አንድ አይደሉም፣ አስቀድማችሁ ብሔራዊ ሎተሪ ሄዳችሁ ፈቃዱን ጠይቁ። እኛ ዕጣውን ትተነዋል።

ወደ ሆቴሉ። ስም አልጠራልሽም። ግን ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ ባለው መሀል ሁኚ። ከቦሌም ከፒያሳም ለሚመጣ ይቀናል፣ የሩጫ ወሬም ለማውራት ከመስቀል አደባባይ አጠገብ የተሻለ ቦታ የለም። ማቆሚያ ስንት መኪና እንደሚይዝ ጠይቂ። ዋጋ ሲነግሩሽ "ቫትና ሰርቪስ ገብቶ ነው?" በይ። በሰው 2,000 ብር ካሉሽ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 2,200፣ በላዩ 15 በመቶ ቫት ሲገባ 2,530 ይሆናል። ለ200 ሰው ልዩነቱ ብቻ 106 ሺህ ብር ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ሒሳቡ በቆዳ ማኅደር ተጠቅልሎ ሲመጣ ነው። ደግሞ 200 ሰው ጠርተሽ ለ200 ሰው አትፈርሚ። 150 አስይዢና ትርፍ ከመጣ በዚያው ዋጋ እንዲጨምሩልሽ ተዋዋዪ።

ቀኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የመጀመሪያውን ያደረግነው ዓርብ ማታ ነበር፤ ያውም በገና ጾም ውስጥ። ከፈረንጅ አገር የመጣ ወንድማችን ቀኑን መርጦ፣ ማንም "ኧረ ጾም ነው" ያለው የለም። ጥብሱና ዶሮው ባለበት ቀረ፣ ሽሮና ምስር ላይ ሰልፍ ሆነ። ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ ነው፣ አዳራሽም የለም፣ ዋጋም አይቀመስም። የእኔ ምክር ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሃምሳ ቀናት ናቸው። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። እኛ ግንቦት ውስጥ ሐሙስ አደረግነው። ገንዘቡም መስከረም ሳይጠባ ለመሰብሰብ ጊዜ ይሰጣል። ሙስሊም እንግዶቻችሁን አትርሱ፤ የምግቡን ጉዳይ ከሆቴሉ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ። ሰዓት? መጥሪያው ላይ 11 ሰዓት ጻፉ፣ 12 ተኩል ላይ ጀምሩ። ጨረታውን ከእራት በፊት አድርጉት። የበላ ሰው አይጫረትም፣ መኪናውን ነው የሚያስበው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ምን እንሽጥ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ሁሉን ከዩቲዩብ ቀዳነው። ተጫራቹ የሚያነሳው፣ ቁጥር የተጻፈበት ባለ እጀታ ትንሽ ሰሌዳ አሠራን፣ ጥቁር ልብስ ግዴታ አልን። ዝምተኛ ጨረታ የሚባለውንም ሞከርን። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ከጎኑ ወረቀት አለ፣ እንግዳው እየዞረ ዋጋውን ይጽፋል። አሜሪካኖቹ ይወዱታል አሉ። የእኛ ሰው ከጠረጴዛው አልተነሳም። ሲጨረስ ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ። ከ14 ዕቃ 9ኙ ላይ አንድ ፊደል የለም። መነሻው 3,000 ብር የሆነ ሥዕል አጠገብ አንድ ሰው በቀይ ቀለም "2,500 ካልሆነ ይቅር" ብሎ ጽፏል። እስክሪብቶዎቹም አልተመለሱም።

ነገሩን ያቃናችው የአንዱ የኮሚቴ አባል እናት ናት። ስብሰባችን እሷ ቤት ነበር፣ ቡና እያፈላች ትሰማናለች። "ምን አስጨነቃችሁ፣ ንግሥ ላይ እንደሚጫረተው አታደርጉትም?" አለች። እውነትም። ለስለት የገባ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ በግ በዓውደ ምሕረቱ ሲጫረት ያላየ ማን አለ? የሰበካ ጉባኤው ሰው ማይክ ይይዛል። "አንድ ጊዜ… ሁለት ጊዜ…" ይልና ሦስተኛውን ሳይል ዙሪያውን ይቃኛል። ያሸነፈው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃንጥላውን ይዞ አይሄድም። "ለታቦቱ መልሻለሁ" ይላል። እንደገና ይጫረታል።

እንዲሁ አደረግን። ጠረጴዛዎቹን በቁጥር ፋንታ በኦሎምፒክ ስም ጠራናቸው። ሮም 1952፣ ቶኪዮ 1957፣ ሜክሲኮ 1961፣ ሞስኮ 1972፣ ባርሴሎና 1984፣ አትላንታ 1988፣ ሲድኒ 1993። ገና ሳይቀመጡ ክርክር ተነሳ። አንዱ "ሮም 1960 ነው" አለ። ሌላው "በፈረንጅ ነው እሱ! በእኛ አበበ ቢቂላ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው" ብሎ አስረዳው። ሞስኮ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጡት አዛውንቶች የምሩጽ ይፍጠርን አጨራረስ በሹካና በማንኪያ ሠርተው ያሳዩ ነበር። ባርሴሎናዎቹ ሴቶች ናቸው፣ የደራርቱ ነገር ከተነሳ አይቻሉም።

ድፎ ዳቦውን እናትየዋ ራሷ በኮባ ጋግራ ላከችው። ሲገባ መዓዛው አዳራሹን ሞላው። መነሻው 1,000 ብር። ሞስኮ በ15 ሺህ ወሰደው። ከአዛውንቶቹ አንዱ ተነስተው ከፈሉና "ለልጆቹ መልሼ ሰጥቻለሁ" አሉ። ባርሴሎና በ22 ሺህ። መለሱት። አትላንታ ድንገት ተነስቶ በ30 ሺህ። መለሰው። በመጨረሻ ሞስኮና ባርሴሎና ተስማምተው በጋራ 41 ሺህ አሉና እዚያው ተቆርሶ ለሁሉም ተዳረሰ። አንድ ዳቦ፣ 108 ሺህ ብር። አየሽ፣ ጠረጴዛ ከጠረጴዛ ሲፎካከር ብሩም ይዋጣል፣ አንድ ሰውም ብቻውን አይጎዳም። መክፈሉም ይቀልላል።

አጫራች ስትፈልጉ ታዋቂ ሰው አትቅጠሩ። የመጀመሪያው የእኛ ታዋቂ ነበር፣ ብዙ ከፈልነው፣ የአንድ እንግዳ ስም አያውቅም። ሁለተኛው የራሳችን ሰው ነው፣ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳል። ማን እንዳለው፣ ማን እንደሌለው ያውቃል። የሌለውን አያስጨንቅም። ያለውን አይለቅም።

ከሌሎቹ ዕቃዎች የተሸጡት፦ እንጦጦ ላይ ከአንድ ሯጭ ጋር የጠዋት ልምምድ (ገዢው ከ20 ደቂቃ በኋላ ተቀመጠ አሉ)፣ ሐዋሳ የሁለት ቀን ማረፊያ፣ አንድ ሙክት፣ "እከሌ እስክስታ ይውረድልን" 5 ሺህ፣ "አይወርድም" 6 ሺህ። ፊርማ ያለበት ማሊያ ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ፈራሚው ራሱ ሲፈርም ካላያችሁ አትሽጡ።

አንድ ጫማ ግን ልንገርሽ። ከልጆቹ አንዷ የተለማመደችበት፣ ያለቀ የሩጫ ጫማ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስናቀርበው ከእኛ አንዱ "ለእንግዳ አይሆንም" ብሎ ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠራረገው። ሰው አሮጌ ጫማ ነው ያየው። ማንም እጁን አላነሳም። በሁለተኛው የሌላዋን፣ እሷ ፈቅዳ፣ ከነጭቃው አስቀመጥነው። የእንጦጦ ቀይ አፈር ሶሉ ላይ ደርቋል፣ የግራው ተረከዝ በአንድ ጎኑ ተበልቷል። ወረቀት ላይ "5 ወር" ብቻ ጻፍን። 25 ሺህ ብር። የገዛው ሰው በማግስቱ ልጅቷን ይዟት ሄዶ አዲስ ጫማ ገዛላት።

"እሷ ፈቅዳ" ያልኩት በምክንያት ነው። በመጀመሪያው ማታ ልጆቹን መድረክ ላይ አሰልፈን ችግራቸውን አስነገርናቸው። ሰው አለቀሰ። እኛም የተሳካልን መሰለን። አንዷ ስትወርድ "ጋሼ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ" አለችኝ። ይህን እስካሁን አልረሳሁትም። በሁለተኛው ልጆቹ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከሰው ጋር ተቀመጡ። መድረክ ላይ የተነበበው ስማቸው፣ የሚማሩት ትምህርትና ምርጥ ሰዓታቸው ብቻ ነው።

ስለ ልጆቹ ቁጥርም አስቡ። አሜሪካ ውስጥ ጎበዝ ሯጭን ኮሌጁ ራሱ ከፍሎ ያስተምራል። እዚህ ክለብ ደሞዝ ይከፍላል እንጂ የትምህርቱን ነገር የሚጠይቅ የለም። ልጁ ጉልበቱን በ21 ዓመቱ ከተጎዳ በእጁ ምንም አይኖርም። ስለዚህ ለአሥር ልጅ አንድ ሴሚስተር ከመክፈል ለአራት ልጅ እስከ ምረቃ መክፈል ይሻላል። የግል ኮሌጅ ከሆነ ክፍያውን ለልጁ ሳይሆን በቀጥታ ለኮሌጁ አስገቡ። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ወጪ መጋራቱን ፈርሞ ይገባል፤ እሱን የሚቸግረው ትራንስፖርት፣ ጫማና ምግብ ነው። ውድድርና ፈተና አንድ ቀን ሲውል ምን እንደሚሆንም ከኮሌጁ ሬጅስትራር ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። እኛ ሳንስማማ ቀርተን አንዱ ልጅ በአገር አቀፍ ውድድር ምክንያት አንድ ኮርስ እንደገና ወስዷል።

አዝማሪ ወይስ ዲጄ ላልሽው፣ ዲጄ ይበቃል። አዝማሪ ከመጣ ሽልማቱ ሁሉ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል፣ ልጆቹ ጋ አይደርስም። ዲጄውን ግን ጨረታው ሲጀመር ድምፁን ጨርሶ እንዲያጠፋ ንገሪው። የኛው "ሁለት ጊዜ" ሲባል ከበሮ እያስገባ፣ አንድ እናት 8 ሺህ ያሉትን 18 ሺህ ብለን ጽፈን፣ ይቅርታ ስንጠይቅ አመሸን።