ይድረስ አዊ ለተመደባችሁ ወጣት መምህራን

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣና ከቢቸና ተነስታችሁ በእንጅባራ፣ በቲሊሊና በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች እንደተመደባችሁ ሰምቼ ነው ይህን የምጽፍላችሁ። እኔም የቢቸና ልጅ ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሳይንስ ሳስተምር የኖርኩት ግን አዊ ውስጥ ነው። እዚያ ልጅ አፉን የሚፈታው በአዊኛ ነው። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ በታችኞቹ ክፍሎች የሚማረውም በአዊኛ ሆኗል፤ አማርኛን ለብቻው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይወስዳል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ደግሞ 7ኛ ክፍል ሲገባ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ይሆንበት ነበር። እንግዲህ አንድ ልጅ ሦስት ቋንቋ ተሸክሞ ፊታችሁ ይቀመጣል ማለት ነው።

ከፖሊሲው በፊት፣ ሁሉም በአማርኛ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፣ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ። ክፍል ውስጥ አዊኛ ያወራ ልጅ ስሙ በአለቃው ተጽፎ ይመጣልኝ ነበር፤ እኔም እቀጣ ነበር። ጸጥ ያለ ክፍል ትምህርት የገባው ክፍል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ተማሪ አስነስቼ «ትነት ምንድን ነው?» አልኩት። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን አንድም ቃል ሳያዛንፍ ወጣው። «የት አይተህ ታውቃለህ?» ስለው ግን አቀርቅሮ ዝም አለ። የዚያ ልጅ እናት አረቄ አውጥታ ነው የምታስተምረው። እንፋሎቱ ከጋኑ ወጥቶ፣ በመቃው አልፎ፣ ቀዝቅዞ ጠብ ሲል በየሳምንቱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያያል። የሚያውቀውን ነገር የሚያውቅበትን ቋንቋ በር ላይ ያስቀረሁበት እኔ ነበርኩ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከ7ኛ ክፍል ልጆች ጋር የዝናብ መለኪያ ሠራን። ባለሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ሌላ ወጪ የለውም። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው አናት ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) አፉ ላይ ይቀመጣል። የጠርሙሱ ቂጥ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠር ይጨመርበትና ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ይሞላል፤ የውሃው ልክ 0 ይሆናል። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ እየለኩ ምልክት ማድረግ ነው። ከዛፍና ከግድግዳ ራቅ አድርገን በችካል አሰርነው፤ በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት እናነባለን።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ልጆች ተጣሉ። አንዱ 14 ይላል፣ አንዷ 15። ክርክሩ በአዊኛ ስለነበር ቃሉን አልሰማሁትም፤ በጣታቸው ግን ገባኝ። ውሃው መሃሉ ዝቅ ብሎ ጠርሙሱን በነካበት ዳር ዳሩን ከፍ ይላል፤ እሱ መሃሉን ያነባል፣ እሷ ዳሩን። «በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቲቸር፣ ውሃው ጠርዙን ይልሰዋል» አለች። እኔ ከዚያ የተሻለ አማርኛ አልነበረኝም። መነበብ ያለበት መሃሉ፣ ዝቅ ያለው፣ እንደሆነ ተነጋገርንና እሱ አሸነፈ፤ ቃሉ ግን የእሷ ሆኖ ቀረ። በዚያ ክፍል እስከ ዓመቱ መጨረሻ «የሚልሰውን ተው» ሲባል ሁሉም ይገባው ነበር።

በሌላ ቀን 15 ሚሊ ሜትር ዘነበ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ልጆቹን ሜትር አስይዤ የክፍላችንን ቤት አስለካኋቸው፤ ቆርቆሮው ያዘነበለ ስለሆነ የሚለካው ከሥሩ ያለው መሬት ነው። 20 በ8 ሜትር ሆነ፤ 160 ካሬ። በ15 ሲባዛ 2,400 ሊትር መጣ። «በሃያ ሊትር ጀሪካን ስንት ይሆናል?» አልኩ። 120። ወንዶቹ ጮኹ። ከምንጭ ውሃ እየቀዱ የሚመላለሱት ሴቶቹ ግን ዝም ብለው ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ያንን ፊታቸውን መቼም አልረሳውም። በበነጋው ከመካከላቸው አንዷ የቤታቸውን ልክ በእርምጃ ቆጥራ መጣች።

ቀርከሃም አላችሁ። ክረምት ላይ ቡቃያው ከመሬት ሲወጣ ወገቡን በክር ለኩና ክሩን አስቀምጡ፤ በየሳምንቱ ቁመቱንም ወገቡንም መልሳችሁ ለኩ። ቁመቱ ይመዘዛል፣ ውፍረቱ ግን እንደወጣ ነው፤ ቀርከሃ እንደ ዛፍ እያደር አይወፍርም። ልጆቹ በክሩ እስኪያረጋግጡት ድረስ አያምኑም፤ አይመኑም። ከዚያ ቀርከሃ ሠሪውን አባት ጋብዟቸው። ሦስት ዓመት የሞላውን ከለጋው እንዴት እንደሚለዩ ያሳዩአቸው። እሳቸው ለእያንዳንዱ ዕድሜና ለእያንዳንዱ ፍልጥ የአዊኛ ስም አላቸው፤ የእናንተ መጽሐፍ የለውም። ልጆቹ በግራ ገጽ በአዊኛ፣ በቀኝ ገጽ በአማርኛ ይጻፉት። በአዊኛው ፊደል አማርኛ የሌለው ጘ አለ፤ ሲጽፉት ከእነሱ ተማሩ እንጂ በንና በግ ጻፉ ብላችሁ አታስደልዟቸው።

በእጅ እየሠሩ በሁለት ቋንቋ መማር ለጎጃም አዲስ አይደለም። እኛ ዘንድ፣ በዲማም በዋሸራም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች፣ ግዕዝን ከአማርኛ ጋር ይዞ ያደገው ተማሪ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ፣ ብራናውን ራሱ ፍቆ፣ የመቃ ብዕሩን ራሱ ቀርጾ ነው የጻፈው። አጎቴ ከጥላሸት ቀለም ሲሠራ ለወራት ሲያቆየው አይቻለሁ፤ የእያንዳንዱን ነገር ስም የነገረኝ እያማሰለ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሱፐርቪዥን ሲመጣ ታይቶ፣ ከዚያ ማበልጸጊያ ማዕከል (የማስተማሪያ መርጃዎች ክፍል) ውስጥ አቧራ ለሚጠጣ የካርቶን ሞዴል የልጆቹን ጊዜ አትፍጁ። ወላጅም ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ነገር አትዘዙ። ልጁ እየሠራ በቋንቋው ሲያወራ ደግሞ አታቋርጡት፤ አማርኛውን የምትጠይቁት ሲጨርስ ነው፣ ስህተቱን የምታርሙት ደግሞ ከዚያም በኋላ።

ጠርሙሱን፣ ክረምቱን ሳትጠብቁ፣ ግንቦት ላይ ትከሉት። ከብት እንዳይገፋው ዙሪያውን እሾህ አድርጉበት። ዝናብ ባልጣለበት ጠዋትም ተረኛው ልጅ ሄዶ ይየው፤ ደብተሩ ላይም 0 ብሎ ይጻፍ።