ከኖታው በፊት ጆሮ፦ የአየርላንድን ቫዮሊን ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣት ቫዮሊኒስቶች፣

በክላሲካል ትምህርት ተኮትኩታችሁ የአየርላንድን ባህላዊ አጨዋወት ለመማር ስትነሡ፣ ዜማዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስሏችኋል። አብዛኞቹ ከመጀመሪያው ፖዚሽን (ግራ እጅ በቫዮሊኑ አንገት ጫፍ ከሚይዘው የመነሻ ቦታ) አይወጡም፤ ብዙውን ጊዜም ስምንት ስምንት ባር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ሲሆኑ እያንዳንዱ ክፍል ይደገማል። ኮንቸርቶ የለመደ እጅ ይህን አንብቦ ለመጫወት አይቸገርም። ይሁን እንጂ የተነበበው ገና ዜማው አይደለም።

የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ የነበረው አየርላንዳዊ ፍራንሲስ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው መድብል 1,850 ዜማዎችን ይዟል፤ እኔም እጅግ የማከብረው ሥራ ነው። ነገር ግን ቀስቱ የት እንደሚዞርና የትኛው ድምፅ ጎልቶ የትኛው እንደሚዋጥ በአብዛኛው አይነግራችሁም። የእኛ የዜማ ቤት ተማሪ የድጓው ምልክት በብራናው ላይ ተጽፎለት ሳለ ዜማውን ከመሪጌታው አፍ እንደሚቀበል ሁሉ፣ እናንተም ከተጫዋቹ በጆሯችሁ ተቀበሉ። አንድ ሪል (ፈጣን የአየርላንድ የዳንስ ዜማ) ምረጡና ዜማውን በአፋችሁ በትክክል እስክታዜሙት ድረስ ቫዮሊኑን ሳትነኩ ደጋግማችሁ ስሙት።

ከባዱ ሥራ ያለው በቀኝ እጅ ላይ ነው። ትምህርታችሁ ጠንካራውን ምት በአዲስ ቀስት መጀመርን አስለምዷችኋል። በሪል ውስጥ ግን ቀስቱ ብዙ ጊዜ በደካማው ስምንተኛ ኖታ ላይ ዞሮ፣ ድምፁን ሳይቆርጥ ጠንካራውን ምት ተሻግሮ ያልፋል፤ መዞሪያው ከምቱ ስለሚቀድም ዜማው ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ያገኛል። ይህን በዝግታ፣ በእግራችሁ ምት እየመታችሁ ተለማመዱ፤ ፍጥነቱ በኋላ ይደርሳል።

ሮል የሚባለው ጌጥም ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋናው ድምፅ፣ የላይኛው፣ ዋናው፣ የታችኛው፣ እንደገና ዋናው ተብሎ ሲጻፍ ከክላሲካሉ ግሩፔቶ (በዋናው ድምፅ ዙሪያ ከሚዞር ጌጥ) ጋር አንድ ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። የላይኛውና የታችኛው ጣት ገመዱን ነካ አድርገው ወዲያው ስለሚለቁት፣ የሚሰማው የጠራ ድምፅ ሳይሆን ምት ነው። አምስቱን ድምፆች እኩል አድርጎ የሚጫወት ሰው ጣቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ዳንሱን ይገድለዋል። ቪብራቶን (ጣትን እያወዛወዙ ድምፁን ማርገብገብን) ደግሞ በዳንስ ዜማዎች ላይ ተዉት።

የአየርላንድን አውራጃዎች አጨዋወት በአንድ ጊዜ አትቀላቅሉ። የስላይጎው ቫዮሊኒስት ማይክል ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በኒው ዮርክ ያስቀረጻቸው ዜማዎች በሮልና በፍጥነት የተሞሉ ናቸው፤ በዶኒጎል ቀስቱ ብዙ ጊዜ በእያንዳንዱ ድምፅ ላይ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ በኮርክና በኬሪ ወሰን ባለችው በስሊቭ ሉክራ ፖልካ (በሁለት ምት የሚሄድ የዳንስ ዜማ) ይበዛል። እኔ ለክላሲካል ተማሪ የምመርጠው ምሥራቅ ክሌርን ነው፤ እርጋታው ቀስቱ ምን እንደሚሠራ ለመስማት ፋታ ይሰጣልና።

ከሰዎች ጋር ተሰብስባችሁ ስትጫወቱ፣ የማታውቁት ዜማ ሲነሣ ቫዮሊናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፋችሁ አድምጡ። ዜማው ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተደግሞ ሳይቆም ወደ ሌላው ይሻገራል። አጠገባችሁ ያለውን ተጫዋች ቀስት ተመልከቱ፤ ሲያበቃም የዜማውን ስም ጠይቁት።